ልጄንና አማቼን ይዤ ከሀብሩ እስከ ወልዲያ

ኩባያውን ሳቀብላት እጇ ስቶት ሄደ። አጥሚት ይዤ ፊቷ ቆሜያለሁ፤ ልጄ ሀያት ግን ከኩባያው አንድ ስንዝር ርቃ ባዶውን ጨበጠች።

«እማ፣ የት ነሽ? ለምን ጨለመ?» አለችኝ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ፀሐዩ በበሩ ገብቶ እግሯ ላይ ወድቋል። 

ይህን የምጽፈው ልጃቸውን ሊያስወልዱ ቤታቸው ላስመጡ እናቶች ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የጎደለውን እያቃናችሁ አንብቡልኝ። የሄድነው ከሀብሩ ገጠር መርሳ፣ ከመርሳ ወልዲያ ነው። በመኪና ቢሆን ሩቅ አይባልም። እኔ ግን ያን ያህል የረዘመብኝ መንገድ የለም።

ሀያት የበኩር ልጄ ናት። ሐራ ከተማ ነው የዳርኳት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ልማዳችን ነው። ስለዚህ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ አስመጣኋት። ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ራሷን ካመማት ደግሞ ሦስት ቀኗ። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏታል። ፊቷም ሲነጋ ሲነጋ ይነፋል። «የእርጉዝ ነገር ነው» እያልኩ ግንባሯን በሻሽ አስሬ አስተኛታለሁ። ለሰው አልተናገርኩም። የነፍሰ ጡር ነገር በወሬ ከወጣ ምጡ ይጠናል ሲባል ነው ያደግኩት። ለአባቷ ለሙሄ እንኳ አልነገርኩትም፤ ማሽላው ውስጥ ወፍ ሲጠብቅ ነው የሚውለው።

ችግሩ ባሏ ውጭ ቆሟል። እንድሪስ ይባላል፤ ሐራ ላይ ግንበኛ ነው። በዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድንገት ከች አለ። ማንም አልጠራውም።

«እናቴ፣ ሀያት እንዴት አደረች?» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ደህና ናት። ተኝታለች። አንተን ምን አመጣህ?»

«እንዲያው ላያችሁ ብዬ ነው።»

እንዲያው ይመጣል ሰው? ሥራውን ጥሎ፣ በመጀመሪያው መኪና? በእኛ ዘንድ አማች ከአማቱ ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም፤ ፊቷ አይበላም፤ ሰው እየሰማ ቃሏን አያስተባብልም። እንድሪስ ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያከብራል። ለእኔ ግን ጨዋነቱ ራሱ የሚያጠራጥር ነበር። እኔ አምስት ስወልድ ሙሄ አንድ ቀን በር ላይ አልቆመም። እልልታውን ከማሳ ሆኖ ቆጥሮ ነው ወንድ ይሁን ሴት የሚያውቀው። ጎረቤቴ ዘምዘምም «ወንድ ምጥ ካየ ልቡ ይቆርጣል፤ ነገ ሌላ ያገባል» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ሀያት ግን ድምፁን ሰማች። «እንድሪስ መጣ? ግባ በይው፣ እማ» ብላ አለቀሰች። በሩን የከፈትኩት ወድጄ አይደለም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ወደ መርሳ

እንድሪስ አንዴ አያትና ወጣ። ወዲያው ባጃጅ በራችን ቆመ። አስፋልቱ ዳር ሲወርድ ከባለባጃጁ ጋር ተስማምቶ፣ ስደውልልህ ና ብሎት ኖሯል። ልብ አድርጉ፤ ሳያያት ነው የተስማማው! «ይሄ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ» አልኩ በልቤ።

መንገዱ ድንጋይ ነው። ግራና ቀኝ ማንጎ፣ ከማንጎው ሥር ሽንኩርት ተተክሏል፤ ውሃ የሚጠልፉ ሰዎች ቀና ብለው ያዩናል። እኔ ሀያትን አቅፌ ፊቷን በፎጣዬ ሸፈንኩ፤ ሰው እንዳያያት። ዓይኗ መለስ ብሎላታል፤ ብዥ ብቻ ነው የሚለኝ አለች።

ባለባጃጁ ወሬኛ ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ደሞ ምን ቤት ነህ? ወንድ ምጥ ሲያጅብ ዛሬ አየሁ!» አለው።

«ምጡን ያመጣሁባት እኔ አይደለሁ? ብቻዋን ልስደዳት?» አለ እንድሪስ።

«አጃኢብ ነው! የኔዋ ይህን ከሰማች አለቀልኝ።»

«ይልቅ ጉድጓዱን እለፍ። ቀስ!»

ከዚያ ስልኩን አወጣ። ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «አዎ ዛሬ። ነገማ ምን ይረባኛል? ሦስት ሆናችሁ ወልዲያ ቀድማችሁ ጠብቁኝ» አለ።

 መርሳ እየሄድን ለምን ወልዲያ አለ? ሦስት ሰው ምን ያደርግለታል? ልጄን ነጥቀው ወደ ዘመዶቹ ሊወስዷት ነው ብዬ ቆረጥኩ። አስፋልቱ ላይ ወጥተን የመርሳ ገበያ እስኪታየን ድረስ አንድ ነገር ብቻ ሳስብ ነበር፤ እንዴት እንደማስቀረው።

የጤና ጣቢያው በር

እንድሪስ ለባጃጁ ሦስት መቶ ብር ከፈለና ሀያትን ደግፎ አወረዳት። ዘበኛው በዱላው መንገዱን ዘጋ።

«አስታማሚ አንድ ብቻ! አንተ ባሏ ነህ?»

እንድሪስ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። «ባሏ አረብ አገር ነው። ይሄ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለድጋፍ ነው የመጣ» አልኩ።

በእኛ አገር ይህ ውሸት አይጠረጠርም። አንድ ሰው አረብ አገር የሌለው ቤት የለም። ዘበኛው «አላህ በሰላም ይመልሰው» ብሎ አሳለፈን። እንድሪስ ግን ቀና ብሎ አየኝ። ካወቅኩት ጀምሮ ዓይኔን ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው። የሚናገር መሰለኝ። ከዚያ አንገቱን ደፋና የሀያትን ክንድ በእጄ ላይ አስቀምጦ ግድግዳው ሥር ቆመ። አማቱን ሰው ፊት ዋሾ ማድረግ አልሆነለትም። እኔም እንደማይሆንለት አውቄ ነው ያደረግኩት።

«እንድሪስ የታል?» አለች ሀያት፣ ውስጥ ስንገባ።

«ይመጣል» አልኳት።

አዋላጇ ነርስ ወጣት ናት፤ ፈገግ ባይ። ክንዷን አስራ ግፊቷን ለካች፤ ፈገግታዋ ቀነሰ።

«ከፍ ብሏል። ራሷን ያማታል?»

«አያማትም።»

«ዓይኗ ላይስ? ብዥታ፣ ብልጭታ?»

«የለም» አልኩ። ሀያት ልትናገር አፏን ስትከፍት ጉልበቷን ጫን አደረግኩት።

«የክትትል ካርዷስ?»

ካርዱ እንድሪስ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። «ቤት ረሳነው» አልኩ።

ነርሷ አሰብ አደረገች። «እንግዲህ መንገዱ አድክሟት ሊሆን ይችላል። በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ደግሜ እለካለሁ» አለች።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገራችሁ። እህቴ ከድጃ በወሊድ ነው የሞተችው። በቃሬዛ ወደ ሐኪም ሲወስዷት ወንዙን ሳትሻገር ዐረፈች። እኔ ከኋላ ሮጬ የደረስኩት ጋቢ ሲያለብሷት ነው። ከዚያ ወዲህ «ሪፈር» ሲባል የሚታየኝ ሐኪም ሳይሆን ወንዙ ነው። ልጄ ራሷን ታማለች ካልኩ ወልዲያ ይልኳታል፤ ወልዲያ ከሄደች ሆዷን ይቀዷታል፤ አለዚያም መንገድ ላይ ትቀርብኛለች። ዝም ካልኩ እዚሁ እጄ ላይ ትወልዳለች። ሒሳቤ ይኸው ነበር።

ግማሽ ሰዓቱ አልሞላም። ሀያት ብድግ ብላ አስመለሳት። ከጎድኗ ሥር ይዛ ተጣጠፈች።

«እዚህ ጋ ቀደደኝ! እማ… እንድሪስን ጥሪልኝ። እሱ ይነግራቸዋል።»

እሱ ይነግራቸዋል አለች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ! ያ ቃል ከጥፊ በላይ መታኝ። ጫማዬን ሳላደርግ ወደ በሩ ሮጥኩ።

እንድሪስ እዚያው ግድግዳው ሥር ነው፤ ፀሐዩ አናቱ ላይ ወጥቷል።

«ና ግባ! ቶሎ!» ጮህኩ። ዘበኛው ዱላውን አነሳ።

«እማማ፣ አስታማሚ አንድ ነው አልኩ እኮ። የጎረቤት ልጅ አይገባም።»

«ባሏ ነው!»

«ባሏ አረብ አገር ነው አላሉም?»

«መጣ!»

«በምን መጣ? እኔ እዚሁ ቆሜ አይደል እንዴ፣ አውሮፕላኑ የት አረፈ?»

«ዋሽቼ ነው! ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ አሳልፈው!» አልኩ። ዘበኛው ዱላውን ከእጁ ጥሎ መንገዱን ለቀቀ።

እንድሪስ ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል። ለነርሷ ሰጣትና ቆሞ ነገራት፦ ባለፈው ሰኞ ሊጠይቃት ሲመጣ ጣቷ አብጦ ቀለበቷን በሳሙና እንዳወለቁት፤ ሐሙስ በስልክ «ራሴን ሊፈነክተኝ ነው» እንዳለችው፤ ትናንት ማታ ደግሞ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ እንዳለባት። ሐራ ላይ ለክትትል አብሯት ሲሄድ፣ አዋላጇ እሱንም አስቀምጣ እነዚህን ምልክቶች አስቆጥራዋለች። ከነዚህ አንዱን ካየህ አትደር ብላዋለች። እንዲያው አልነበረም የመጣው።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እናት፣ አያማትም አላሉኝም?»

«እናቴ አልሰሙ ይሆናል» አለ እንድሪስ ቀድሞኝ፣ ወደ መሬት እያየ። «ለኔ በስልክ ነው የነገረችኝ።»

በር ላይ ያስቀረሁት ሰው ሊሸፍነኝ ነው። አፈርኩ። «ሰምቻለሁ» አልኩ። «ራሷን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ደብቄ ነው።»

ነርሷ አልተቆጣችም። ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። ሁለቱም ታፋዋ ላይ መርፌ ወጋቻት፤ ሀያት «አቃጠለኝ!» ብላ ጮኸች። «ይህ ግፊት ወደ ማንቀጥቀጥ ከሄደ እናትም ልጅም ይወስዳል። አሁኑኑ ወልዲያ» አለች።

ስድስት ሰዓት፣ ሲሪንቃ ላይ

የአምቡላንሱ ሹፌርም እንደ ዘበኛው «አንድ አስታማሚ» ማለት ጀምሮ ነበር። ነርሷ «ሁለቱም ይሄዳሉ» አለችው። እኔ ከኋላ የሀያትን ራስ ይዤ፣ እንድሪስ ከፊት። ነርሷም ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛ አብራን ተቀመጠች።

ሰሞኑን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ሲሪንቃ ስንደርስ ኬላው ላይ መኪና ተሰልፏል። ከአጥሩ ማዶ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ማሽላ ቁመቱ እኩል ሆኖ ቆሟል፤ እኔ ግን በመስኮት የማየው ወንዝ ብቻ ነው። በየድልድዩ «ያ አላህ፣ ይቺን አሻግራት» እላለሁ። አንዱን ስንሻገር፣ ሌላ ይመጣል።

እንድሪስ ወርዶ እጁን ከፍ አድርጎ ወደ ፍተሻው ሮጠ። ምን እንደሚላቸው አይሰማኝም። አንድ ወታደር መጥቶ የኋላውን በር ከፈተ። ሀያትን አየ፤ እኔን አየ። ልጅ ነው፤ ፂም እንኳ የለውም።

«ባለቤቱ ናት?»

«ሚስቱ ናት» አልኩ። ጠዋት የካድኩትን ባልነቱን አሁን ተጠይቄ መመስከሬ ደስ አለኝ።

«ማርያም ትቅረብሽ» አላት ልጄን፣ በሩን ቀስ አድርጎ እየዘጋ። እኔም «አሚን» አልኩ። ወሎ ውስጥ በምጥ ጊዜ ሃይማኖት የሚለይ የለም።

ወልዲያ

ሆስፒታሉ በር ላይ ሦስት ወንዶች ቆመዋል። ልብሳቸው ሲሚንቶ ነው። አምቡላንሱን እንዳዩ ወደ እኛ መጡ፤ አንዱ እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። በስልክ የሰማኋቸው ሦስቱ! እስካሁን ያፈርኩት ሁሉ ጠፋኝ። አልጋው ላይ ተደፋሁ።

«አትወስዷትም! ሬሳዬን ትረግጣላችሁ!»

ከሦስቱ ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «ማንን ነው የምንወስድ፣ እህቴ? እኛኮ ደም ልንሰጥ ነው የመጣን።»

«የምን ደም?»

«እንድሪስ ምጥ ላይ ደም ሊያስፈልግ ይችላል ብሎን፣ ከወር በፊት ነው የተመረመርን። እኔስ መርፌ ስፈራ፣ እየጎተቱ ነው ያመጡኝ» አሉ።

ከልጄ ላይ ተነሳሁ።  ነርሷ ግን ሳቋን በጭምብሏ ደበቀች።

ሐኪሙ አይቷት ሲወጣ በአንድ እጁ ወረቀት ይዟል። ልጁ ዛሬውኑ በኦፕራሲዮን ካልወጣ ለሁለቱም አይሆንም አለ። ወረቀቱን ለእንድሪስ ሰጠው። አሁን ይፈርማል፤ ልጄን ይቀዷታል፤ እኔን የሚጠይቀኝ የለም ብዬ ጠበቅኩ። እንድሪስ ግን እስክሪብቶውን ያዘና ወደ እኔ መጣ። መጀመሪያ ለሀያት ጆሮዋ ላይ ነገራት፤ እሺ አለችው። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ወረቀቱን አንብቦ፣ የማይገባኝን እየደገመ እስከ መጨረሻው አስረዳኝ። ሊመጣ የሚችለውን ክፉም አልዘለለም።

«እናቴ፣ አንቱ ምን ይላሉ?»

እስክሪብቶውን ገልብጦ በተሳሳተው ጫፍ ይዞታል። እስከዚያች ደቂቃ የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ፈርም፣ ልጄ» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ወጣች። ትንሽ ናት፤ ክንዷ ከጣቴ አይበልጥም። አለቀሰች፤ ድምጿ የጫጩት ነው። ከሽማግሌው የተቀዳው ደም ለሀያት ተሰጣት።

የሴቶቹ ክፍል

በማግስቱ ሀያት ገና ትደነዝዛለች፤ ግፊቷ ይወርዳል ይወጣል። ሕፃኗ ሙቀት ያስፈልጋታል ተባለ። የክፍሉ ነርስ «ገላ ለገላ የሚይዛት ሰው እፈልጋለሁ» አለች። እጄን ዘረጋሁ። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ ያስለኛል።

«አንቱ ይረፉ። አባቷ ይያዛት። ሸሚዝህን ክፈት» አለችው።

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየን። ሴት የሞላበት ቤት፣ አማቱ ፊት፣ ደረቱን! እንድሪስ ፊቱ ደም መሰለ። ቁልፉን መፍታት አቃተው። አጠገባችን ከጉባ ላፍቶ የመጣች ጥሩዬ የምትባል ወላድ ተኝታለች፤ አፏ አያርፍም።

«እሰይ! ጡትም ካለው ንገሩኝ፣ የኔንም ባል አስጠራዋለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንድሪስ ሊነሳ ቃጣው። እኔ ያኔ ነጠላዬን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣልኩለት፤ ከፊትም ዘጋሁለት። ራሴ ቁልፎቹን ፈታሁ። ሕፃኗን በነጠላው ውስጥ አሳልፌ ደረቱ ላይ አስተኛኋት። ጉንጯን ጡንቻው ላይ ለጠፈች። ትንፋሿ ወዲያው ረጋ።

«ጥሩዬ፣ ዝም በይ፤ ትቀሰቅሻታለሽ» አልኩ።

«እኔማ ቀንቼ ነው፣ እቴ» አለች። ስትስቅ ቆይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባሏ እስከዚያ ቀን አልመጣም ነበር።

ስምንት ቀን እንዲያ ሆነ። ሀያት ስትነቃ ታጠባለች፤ ስትደክም እሱ ይይዛታል። ሽንት ጨርቁን ጓሮ ወስዶ ሲያጥብ ወንዶች ያፌዙበታል፤ «ግንበኛው አራስ ሆነ!» ይሉታል። እሱ «አልሀምዱሊላህ፣ ገንፎውን አምጡልኛ!» ይላል። እኔ ከመስኮት አያለሁ። አሁንም ማየት አልተውኩም። የምጠብቀው መሰልቸቱን ነበር። አልሰለቸም።

ወደ ቤት

በዘጠነኛው ቀን ከወልዲያ መነኸሪያ በሚኒባስ ተሳፈርን። ሲሪንቃ ላይ ፈተሹን፤ መርሳ ላይ ብርቱካን ገዛን። ሙሄ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ጠበቀን። ሕፃኗን ከእንድሪስ ላይ ሲያይ ቆመ።

«እንዴት ነው የሚያዘው?» አለ ሙሄ። የአምስት ልጆች አባት ነው።

«አንገቷን በመዳፍዎ፣ አባቴ። እንደዚህ» አለው እንድሪስ። ሙሄም ያዘ።

እናቶች ሆይ፣ ወንድ ሁሉ እንድሪስ ነው አልላችሁም። እኔ ለዘምዘም እንዳልኳት፣ መጠርጠር ከፈለጋችሁ ጠርጥሩ። ሊሰማና ሊያግዝ የመጣውን ባል ግን በር ላይ አታስቀሩት፤ ሐኪም ሲጠይቃችሁም አትዋሹ። ልጄን ለሞት ያቀረባት የጠረጠርኩት ሰው አልነበረም፤ እኔ ያጠፋሁት ግማሽ ሰዓት ነው።

ሀያት አሁን ከጎኔ ተኝታለች። ዓይኗ ያያል፤ ግፊቷ ወርዷል። ሕፃኗ ትጠባለች። ቤታችን ገብተናል። ደህና ነን።